ሻወር ቤት ለማሠራት ስንት ይበቃል? ከሲቀላ እስከ ጨንቻ ሂሳቡ ለምን ይለያያል

በየጊዜው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ "ቤቴ ውስጥ ሽንት ቤትና ሻወር ማስገባት ፈልጌ ነበር፣ ስንት ብር ይዤ ብነሳ ይበቃኛል?" ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ሲቀላ ቤት ያለው ሰውና ጨንቻ ቤት ያለው ሰው አንድ ዓይነት ሴራሚክ፣ አንድ ዓይነት መቀመጫ ቢገዙ እንኳን መጨረሻ ላይ የሚያወጡት ብር አይገናኝም። ሩቅ ሳንሄድ፣ በባጃጅ በደቂቃዎች በሚደረስባቸው በሴቻና በሲቀላ መካከል ራሱ ልዩነት አለ።

የብር ዝርዝር ግን አንጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። መቀመጫውም፣ ቧንቧውም፣ ማሞቂያውም አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ አብሮ ተሰቅሏል። ዛሬ የምንጽፈው ብር በሚቀጥለው ወር ያረጃል። ካሬ ሜትር፣ ኩንታልና ሊትር ግን አያረጁም። እነሱን እንስጣችሁ፤ ዋጋውን በዕለቱ ገበያ ላይ ጠይቃችሁ አባዙት።

የሚታየው 18 ካሬ፣ የማይታየው 17 ካሬ

አንድ ትንሽ ክፍል እንውሰድ፦ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር። መቀመጫ፣ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ሲንክና ቆሞ መታጠቢያ ይይዛል። ወለሉ 3 ካሬ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ሲለካ 7 ሜትር ይሆናል። ሴራሚኩን እስከ በሩ ቁመት፣ ማለትም እስከ 2.1 ሜትር ካስለበሳችሁት 14.7 ካሬ ይመጣል፤ የበሩን ስትቀንሱ 13 ካሬ ገደማ። ከወለሉ ጋር 16 ካሬ። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ስትጨምሩበት 18 ካሬ ሜትር ሴራሚክ ትገዛላችሁ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይለካውን እንለካ። አርባ ምንጭ ላይ እንደ አዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች ፍሳሹን ተቀብሎ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ የጋራ መስመር የለም። እያንዳንዱ ቤት ፍሳሹን እዚያው ግቢው ውስጥ መያዝ አለበት። ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ሰፕቲክ ታንክ ውስጡ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ሆኖ 2 ሜትር ቢጠልቅ የአራቱ ጎኖች ግድግዳ 14 ካሬ ነው። መሃሉን የሚከፍለው ግድግዳ 3 ካሬ ይጨምራል። ጠቅላላ 17 ካሬ። በብሎኬት ካሰባችሁት በካሬ 12.5 ብሎኬት፣ ከ210 በላይ ብሎኬት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ከላይ የሚከድነው የኮንክሪት ሰሌዳ አለ፤ ከታንኩ የሚወጣው ውሃ የሚሰርግበት ሁለተኛ ጉድጓድም አለ። የግድግዳውን ውፍረት ጨምራችሁ ስታስቡት ለታንኩ ብቻ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር 10 ሜትር ኩብ ገደማ ነው።

ልብ በሉ፤ ከላይ የሠራችሁትን ክፍል የሚያህል ሌላ ክፍል ነው መሬት ውስጥ የምትሠሩት። እንግዳ ሲመጣ ግን ማንም እሱን አያይም። ለዚህ ነው ብዙ ቤት ውስጥ ገንዘቡ የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ላይ አልቆ፣ ታንኩ "ለጊዜው" ተብሎ ዝም ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚሆነው። ከዚያ ከሁለት ክረምት በኋላ አፈሩ ይናዳል፣ ወይም ይሞላና ወደ ጎረቤት ይፈሳል። ሴራሚክ ሲያስጠላችሁ ትቀይሩታላችሁ። የተናደ ጉድጓድ ግን ግቢውን፣ ቧንቧውን፣ አንዳንዴም የቤቱን መሠረት ይዞ ነው የሚሄደው። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነማ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መሬቱ ራሱ ዋጋ ይቆርጣል

በጋሞ ዞን ለሻወር ቤት ዋጋ የመጀመሪያው ወሳኝ ነገር ዕቃው አይደለም፤ የምትቆፍሩበት መሬት ነው።

ከፍ ባለው በሴቻ በኩል ብዙ ቦታ ላይ ትንሽ እንደተቆፈረ ድንጋይ ይገጥማል። ያ 10 ሜትር ኩብ አፈር ቢሆን ሁለት የቀን ሠራተኞች በቀናት ውስጥ ያወጡታል። ዐለት ከሆነ ግን በመዶሻና በመሮ ሳምንታት ይፈጃል። እዚህ ጋር ነው ጭቅጭቅ የሚነሳው። ቆፋሪው በአፈር ዋጋ ተስማምቶ ይጀምርና አንድ ሜትር ላይ ድንጋይ ሲገጥመው ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ወይ እጥፍ ይጠይቃል። እሱም አልተሳሳተም እኮ። መፍትሔው ሳይጀመር በፊት በሁለት ዋጋ መዋዋል ነው፦ አፈር በሜትር ኩብ ይህን ያህል፣ ድንጋይ በሜትር ኩብ ይህን ያህል።

ወደ ሲቀላ ዝቅ ያሉት ሰፈሮች፣ በኩልፎ ወንዝ ዳርና ወደ ሐይቆቹ በኩል ስትወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። አፈሩ ለመቆፈር ቀላል ነው፤ ግን ይናዳል፣ ከሥርም ውሃ ሊመጣ ይችላል። በጥር ወይም በየካቲት ደረቅ ሆኖ የተቆፈረ ጉድጓድ በሚያዝያና በግንቦት፣ አርባ ምንጭ ዋናውን ዝናብ ስታገኝ፣ ከታች ውሃ ሊያቁር ይችላል። ሳታስቆፍሩ በፊት ጎረቤት ጠይቁ፤ በዝናብ ወቅት ውሃ እስከምን ድረስ እንደሚወጣ ከመሐንዲስ ይልቅ እዚያው የኖረ ሰው ያውቃል። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መመሪያ የማስረጊያው ጉድጓድ ታች ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል፣ ከውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር እንዲርቅ ነው። በጠባብ ቦታ 30 ሜትር ማግኘት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ግን ጎረቤታችሁ የሚጠጣው ከጉድጓድ ከሆነ ይህን ሳይለኩ መቆፈር በሰው ጤና መጫወት ነው።

አርባ ምንጭ በዚህ ጉዳይ ከብዙ የአገራችን ከተሞች የተሻለ ልምድ አላት። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም ድረስ "ሮዛ" የሚባል በአውሮፓ ኅብረት የተደገፈ ፕሮጀክት ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ አራት ከተሞች ላይ ነው የተሞከረው፦ የኬንያዋ ናኩሩ፣ የታንዛኒያዋ አሩሻ፣ የኡጋንዳዋ ኪትጉም እና የእኛዋ አርባ ምንጭ። እዚህ የመራው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ እንደተቋቋመ አስታውሱ። ፕሮጀክቱ ውሃ የማይፈልጉ ሽንት ቤቶችን በከተማው ሠርቶ አሳይቷል። አንዱ ሽንትና ዓይነ ምድርን ለየብቻ የሚያጠራቅም፣ ማጠራቀሚያው ከመሬት በላይ የሚሠራ ነው። ጥልቅ ቁፋሮ ስለማይፈልግ ለዐለትም፣ ውሃ ለሚያፈልቅ መሬትም ይሆናል። ሌላው ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች እየተፈራረቁ የሚሠሩበት ነው፤ አንዱ ሲሞላ ይዘጋና አመድና አፈር ተቀላቅሎበት ብስባሽ እስኪሆን ሁለተኛው ይሠራል። ሦስተኛው ከሁሉም ርካሹ ነው፤ አንድ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ጉድጓድ ሲሞላ አፈር ይለብስና ዛፍ ይተከልበታል፣ ሰሌዳው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ማንጎና ሙዝ በየግቢው ለሚበቅልበት አገር ይሄ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ሰው እነዚህን "የገጠር ሽንት ቤት" ብሎ ሊንቃቸው ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን ውሃ በፈረቃ በሚያገኝና ግቢው ዐለት በሆነ ቤት ውስጥ፣ በደንብ የተሠራ ደረቅ ሽንት ቤት ውሃ ከሌለው ባለ ፍላሽ መቀመጫ በብዙ ይሻላል። ሻወሩን ለብቻው ሠርቶ፣ የሻወሩን ውሃ ወደ ሙዙ መልቀቅ ደግሞ የታንኩን ሥራ ግማሽ ያቀልላል።

የጭቃ ቤት ላይ ሻወር ስትጨምሩ

ሌላው ሂሳብ የሚያዛባው ነገር ቤቱ የተሠራበት ነው። ብዙ ቤቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ናቸው። የአንዱን ክፍል ጥግ ከፍሎ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ ሴራሚክ ለጥፎ ሻወር ማድረግ ርካሽ ይመስላል። አይደለም። ጭቃና ሲሚንቶ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። ሴራሚኩ ከነልስኑ ሲወርድ ነው የሚታወቀው።

ለጭቃ ቤት የሚሻለው ከቤቱ ጎን የራሱ መሠረት ያለው የብሎኬት ክፍል መሥራትና በር ብቻ ማገናኘት ነው። ወጪው መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም መሠረት፣ ግድግዳና ጣሪያ ይጨመራል። ግን ቤቱን ነገ ብታፈርሱትና በብሎኬት ብትሠሩት እንኳን ክፍሉ ይቀራል። የዶርዜና የጨንቻ የቀርከሃ ቤት ከሆነ ደግሞ ጥያቄም የለው፤ ሻወሩ ውጭ ነው የሚሆነው። አዲስ ክፍል ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት ስለ ፈቃድ መጠየቅ አትርሱ፤ በኋላ "አፍርሱ" ከመባል ይሻላል።

ቤቱ ብሎኬት ሆኖ የድሮውን ሻወር የምታድሱ ከሆነ ትልቁ ቁጠባ አንድ ነው፦ መቀመጫውን ከነበረበት አታንቀሳቅሱት። የመቀመጫው ፍሳሽ በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው የሚሄደው፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ መውረድ አለበት። መቀመጫውን ወደ ሌላኛው ጥግ ስትወስዱ ወለሉ ይሰበራል፣ ከሥሩ ይቆፈራል፣ ተዳፋቱ እንደገና ይሠራል። ታንኩ ከቤቱ 15 ሜትር ከራቀ ቱቦው እዚያ ሲደርስ 30 ሳንቲ ሜትር ወርዶ መገኘት አለበት። ይሄ ሳይታሰብ የተቆፈረ ታንክ መግቢያው ከቱቦው በላይ ሆኖ ይገኝና ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ጨንቻ ስትወጡ የሚጨመረው

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ግን ከ1,300 ሜትር አካባቢ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ትወጣላችሁ። አርባ ምንጭ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ሮቶ ውሃው ራሱ ለብ ብሎ ይወርዳል፤ ማሞቂያ የሚገዛ ሰው ከፍላጎት እንጂ ከችግር አይደለም። ጨንቻ፣ ዲታና ቦንኬ ደጋው ላይ ግን ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ሕፃን ማጠብ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ማሞቂያ የመጀመሪያው ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

ማሞቂያ ማለት ደግሞ ዕቃው ብቻ አይደለም። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቀው ቦይለር ነው፤ 50 ሊትር ውሃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ስለተወሰነ፣ ይቺ ቁጥር በየቀኑ ስትባዛ በዓመት ስንት እንደምትሆን የራሳችሁን ደረሰኝ አይታችሁ አስሉ። ሁለተኛው ቀጥታ እያሞቀ የሚያወርደው የሻወር ራስ ነው። በግዢ ይረክሳል፣ ቦታ አይዝም። ነገር ግን 5.5 ኪሎ ዋት የሚለው ዓይነት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ለዚህ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር (6 ሚሊ ሜትር ካሬ)፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ለሶኬት ከተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ መቀጠል ቤት ያቃጥላል። ኧርዝ የሌለው ደግሞ እርጥብ ሰው ላይ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ የሻወር ራሱ ዋጋ ርካሽ ነው ብላችሁ ስትገዙ የሽቦውንና የኤሌክትሪሺያኑን ጨምራችሁ አወዳድሩ፤ በእኛ እምነት በዚህች ነገር ላይ መቆጠብ ወንጀል ነው።

ደጋው ላይ ዝናቡና እርጥበቱም ሥራ ያዘገያል። ልስን ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ይላጣል፤ ሻወር ቤቱ በቂ መስኮት ከሌለው ግድግዳው ይሻግታል። ቆላ ላይ ሥራው በሳምንት ሲያልቅ ደጋ ላይ ሁለት ሊወስድ ይችላል። ሴራሚክ አንጣፊውን ከአርባ ምንጭ ይዛችሁ ከወጣችሁ ደግሞ የእያንዳንዱ ቀን መዘግየት ምግቡና አልጋው በእናንተ ነው።

ደጋው አንድ የሚያሸንፍበት ነገር አለው። ከላይ ከጎለበተ ምንጭ በራሱ ግፊት የሚወርድ ውሃ ያላቸው መንደሮች ፓምፕም፣ ሮቶ የሚሸከም የብረት ማማም ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ሮቶው፣ ማማው፣ ፍላሹ

የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከገደሉ ሥር ነው የሚፈልቁት። ውሃው ወደ ላይ ወደ ሴቻ የሚደርሰው በፓምፕ ተገፍቶ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃም ይቸግራል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ሮቶ ከሻወር ቤቱ ሂሳብ መነጠል የለበትም።

አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ 10 ኩንታል ይመዝናል። ለ10 ኩንታል በቀጭን ብረት የተበየደ ማማ አትመኑ። ከሻወሩ ራስ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ነው፤ ለባልዲና ለተራ ሻወር ይበቃል፣ ለአንዳንድ ዘመናዊ የሻወር ዕቃ ግን አይበቃም። ዕቃው ላይ ዝቅተኛው ግፊት ተጽፏል፤ ሳትገዙ አንብቡት። ያማረ ዕቃ ገዝቶ በኋላ ለግፊቱ ፓምፕ መግዛት የተለመደ ኪሳራ ነው።

የመቀመጫው ምርጫም ወደ ውሃው ይመለሳል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ጊዜ ፍላሽ ያደርጋል እንበል። በአንዴ 9 ሊትር የሚለቀው የቆየ ዓይነት በቀን 225 ሊትር ይጨርሳል። ትልቅና ትንሽ ቁልፍ ያለው፣ 6 እና 3 ሊትር የሚለቀው ግን ወደ 90 ሊትር ይወርዳል። በፈረቃ ውሃ ለሚጠብቅ ቤት ይሄ ማለት የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ውሃ ለሽንት ቤት ብቻ ቢውል 4 ቀን ወይስ 11 ቀን ይቆያል የሚል ልዩነት ነው። የሚጠራቀመው ውሃ ባነሰ ቁጥር ሰፕቲኩም ይተነፍሳል።

ቁጢጥ የሚባልበት፣ በተለምዶ ቱርክ የሚባለው መቀመጫ በዋጋም በውሃም ይቀላል፤ በሁለትና በሦስት ሊትር ይታጠባል። ለተከራዮች የጋራ ሽንት ቤት የምትሠሩ ከሆነ እሱን ነው የምንመክረው፣ ክዳን አይሰበር፣ ፍላሽ አይበላሽ። ግን ቤቱ ውስጥ ጉልበታቸው የደከመ እናት ወይም አባት ካሉ ነገሩ ይለወጣል። ለእነሱ የሚቀመጡበት መቀመጫ፣ ከጎኑ በበያጅ የሚሠራ የብረት መያዣ፣ በሩ ከ70 ይልቅ 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር፣ ደፉ ዝቅ ያለ ይሁን። መያዣው ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው፤ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳው ውስጥ መታሰር ስላለበት ግን ቀድሞ ካልታሰበ በኋላ ሴራሚክ ያሰብራል። ለወላጆቻቸው ቤት የሚያሠሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳውን ቀለም ይመርጣሉ፣ ወለሉ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትት አያንሸራትት አይጠይቁም። ለወለል የሚያብረቀርቅ አትግዙ፤ ሻካራውን።

መንገዱ የሚበላው

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በሆሳዕና በኩል 450፣ በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች፣ ሙገር፣ ደርባ፣ ለሚ፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው። የመርካቶ ዋጋ ሰምታችሁ አርባ ምንጭ ላይ ሻጩን "ሌባ" ከማለታችሁ በፊት መጫኛውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ማራገፊያውንና ስብራቱን ጨምሩበት። ብርብርን የመሰሉ በሶዶው አስፋልት ዳር ያሉ ከተሞች መኪናው ደጃቸው ስለሚያልፍ ይሻላቸዋል። ካምባ፣ ገረሴ፣ ዲታ ላይ ያለ ሰው ግን አርባ ምንጭ የተራገፈውን እንደገና ጭኖ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ መጫን፣ ሁለት ጊዜ ማራገፍ ነው። ሴራሚክ ደግሞ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይሰበራል፤ እዚያ ለስብራት 10 ሳይሆን 15 በመቶ ብትጨምሩ አይበዛም። ያንኑ ዓይነት ቀለም በኋላ ማግኘትም ከባድ ነው።

እስቲ የሚጫነውን እንቁጠር። 18 ካሬ ሴራሚክ ከ3 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ለማንጠፊያው በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 2 ኩንታል ተኩል ገደማ ሲሚንቶ ይገባል። ግድግዳው ጠማማ ከሆነና አንጣፊው ለማስተካከል ውፍረቱን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ካሳደገው 4 ኩንታል ይሆናል። ጠማማ ግድግዳ ሲሚንቶ ይበላል የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ኢሱዙ 40 እና 50 ኩንታል ስለሚጭን የአንድ ሻወር ቤት ዕቃ ብቻውን አይሞላውም፤ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጋር አንድ ላይ ብታዝዙ የትራንስፖርቱ ድርሻ በግልጽ ይወርዳል።

አሸዋና ድንጋይ ላይ ግን እኛ ዕድለኞች ነን፤ ከአካባቢያችን ወንዞች በቢያጆ ይመጣል። ጭቃ የበዛበት እንዳይሆን ብቻ በሃይላንድ ሞክሩት፤ ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። ሲረጋ ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከታየ መልሱት።

ዋጋ ስታወዳድሩ "ከቫት ጋር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። 15 በመቶ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ርካሽ የመሰላችሁ ሱቅ ቫቱን ሳይጨምር የነገራችሁ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ያለው ዕቃ ተሰንጥቆ ከተገኘ ለመመለስ መነጋገሪያ አላችሁ፣ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ግን የራሳችሁ ነው።

ብር ሲያጥር ምን ይቀነስ?

ከሴራሚኩ ጀምሩ። ዙሪያውን እስከ 1.2 ሜትር ብቻ፣ መታጠቢያው ጥግ ላይ ብቻ እስከ 2.1 ሜትር ብታስለብሱት ከ18 ካሬ ወደ 14 ይወርዳል። የቀረውን ዘይት ቀለም ይችለዋል። ሲንኩ በኋላ ሊገባ ይችላል፤ ቱቦውን አውጥቶ መድፈን ብቻ ነው። ማሞቂያውም እንዲሁ፣ የሽቦው መንገድ ቀድሞ ከተቀበረ። መስታወቱና ካቢኔቱማ ከናካቴው ዛሬ አይነሱ።

የማይነካው ታንኩ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ቧንቧ፣ ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ዋተርፕሩፍና ወለሉ ላይ ሽታ የሚከለክለው ሳይፎን ነው። እነዚህ ሁሉ ከተሸፈኑ በኋላ ለማስተካከል መስበር ይጠይቃሉ።

ባለሙያ ስታነጋግሩ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነዕቃው የሚለውን ቀድማችሁ ለዩ። አንጣፊ በካሬ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በነጥብ ነው የሚዋዋለው፤ የቆሻሻ ማውጣቱና የድሮውን ማፍረሱ በማን እንደሆነ ካልተነገረ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ክፍያውን ከሥራው ጋር ከፋፍሉት። ቧንቧው ተቀብሮ ሴራሚክ ሳይለጠፍ በፊት ውሃ ሞልቶበት አንድ ሌሊት ይደር፤ መገጣጠሚያዎቹ ሳያንጠባጥቡ ካደሩ የመጀመሪያውን ክፈሉ። ወለሉ ዋተርፕሩፍ ተቀብቶ ሲደርቅ ደግሞ መውጫውን በጨርቅ ድፈኑና ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ሙሉበት። ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ ውሃው ከመስመሩ በግልጽ ከወረደ፣ ወይም በውጭ በኩል ግድግዳው ከረጠበ፣ አንጣፊው ሴራሚክ አያምጣ፤ የቀረውንም ብር አትስጡት።